ዐውደ ምሕረት የጥላቻ መሸሸጊያ፣ ሕግም የአፍ መዝጊያ እንዳይሆን

ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ተወካዮች፣ በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

የልማትና የተራድኦ ሠራተኞች ስለ ውኃ፣ ስለ ዘርና ስለ ጤና ሲናገሩ መስማት ለምዳችኋል። ዛሬ ግን በስልክና በኢንተርኔት ስለሚሠራጨው የጥላቻ ንግግር፣ መንግሥትም ይህን ለመቆጣጠር ስላወጣው ሕግ መናገራችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቱ ግን ሩቅ አይደለም። አንድ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር ውኃውን የሚቀዱት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ብቻ አይደሉም። በእምነትም በቋንቋም የሚለያዩ ጎረቤታሞች በአንድ ቦኖ ይሰለፋሉ፤ በአንድ የውኃ ኮሚቴ ይቀመጣሉ። በመካከላቸው መተማመን የጠፋ ዕለት ቧንቧው ሳይሰበር ሥራው ይሰበራል። መተማመንን ደግሞ በዘመናችን ፈጥኖ የሚያፈርሰው ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ ክፉ ቃል ነው። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል። ዛሬ ያ አፋፍ ከመንደር አልፎ ባሕር ማዶ ደርሷል።

ዛሬ ልናሳስብ የምንወደው አንድ ዐቢይ ነገር ነው። ሕጉ የሃይማኖት ትምህርትን ከጥላቻ ንግግር ክልከላ ለይቶ አስቀምጦታል። ይህ ለእኛ አደራ እንጂ መሸሸጊያ አይደለም። አደራውን በታማኝነት ስንጠብቅ ነው፣ የሕጉ አፈጻጸም ከመጠን ባለፈ ጊዜ «ይህ ልክ አይደለም» የሚለው ቃላችን የሚታመነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወደ 300 የሚጠጉ አባላት ሲደግፉት 23 አባላት ተቃውመውታል፤ 2 አባላት ድምፀ ተዐቅቦ አድርገዋል። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ በሀገራችን ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጋ የግጭት መፈናቀል ተመዝግቦ ነበር፤ ይህም በዚያ ዓመት ከዓለም ከፍተኛው ነበር። ግጭቱ ሁሉ ከቃል ብቻ የመነጨ ነው ባንልም፣ ቃል ለእሳቱ ማገዶ እንደ ነበረ ግን ሁላችን እናውቃለን።

አዋጁ የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ፣ በአንድ ሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያራምድን ንግግር ነው። በጽሑፍ፣ በምስል፣ በድምፅ ወይም በቪዲዮ፣ በብሮድካስት፣ በኅትመት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሠራጨቱ የተከለከለ ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሲሆን፣ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ተፈጽሞ ከሆነ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሐሰተኛ መረጃን ለሚያሠራጭ ሰው ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ ከተሠራጨ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ከፍ ይላል። የብዙ አድባራት ገጾች ከዚህ ቁጥር እጅግ የበዙ ተከታዮች እንዳሏቸው ልብ በሉ።

አንቀጽ 6 ክልከላው የማይመለከታቸውን ይዘረዝራል። እነዚህም የትምህርትና የሳይንስ ጥናት፣ ዜና፣ ትንታኔና የፖለቲካ ትችት፣ የኪነ ጥበብ ሥራና የሃይማኖት ትምህርት ናቸው። ሕጉ ሌላም መልካም በር አለው። ሁከት ወይም ግጭት ካልተከተለ፣ አጥፊው ከእስራትና ከመቀጮ ይልቅ በሌላ መንገድ እንደሚታረም ፍርድ ቤቱ ካመነ፣ የግዴታ የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጥ ሊወስን ይችላል። ማስተማርንና ማረምን ከቅጣት የሚያስቀድም ይህ ሐሳብ ከቤተ ክርስቲያን የንስሐ ሥርዓት ጋር ይቀራረባል።

ሕግ ለምን አስፈለገ?

«ቃል ቃል ነው፤ ለቃል ሕግ ምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ይነሣል። መልሱ ሩቅ ያልሆነ አፍሪካዊ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ የሬዲዮ ጣቢያ ሰዎችን «በረሮ» እያለ ሲጠራ፣ ስማቸውንና ያሉበትን ሥፍራ ሲያስተጋባ ሰነበተ። በ100 ቀናት ውስጥ 800,000 ያህል ሰዎች ተገደሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት የዚያን ሬዲዮ መሥራቾችና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባቸው። የያዙት መሣሪያ ማይክሮፎንና ብዕር ነበር።

በሀገራችንም ተመሳሳይ ኀዘን ደርሷል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የሚኖሩ አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ቢያመለክትም በጊዜው መልስ አላገኘም በማለት በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ክሱ ገና በሂደት ላይ የነበረ ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። አዋጃችን የማኅበራዊ ትስስር ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ይጠይቃል፤ ኩባንያዎቹ ግን በሩቅ ሀገር ያሉ ናቸው፤ ቋንቋዎቻችንን የሚያውቁ ሠራተኞቻቸውም በቂ አይደሉም። ስለዚህ ሕግ የለም ብሎ ደካማውን ለነጋዴ ደግነት አሳልፎ መስጠት ፍቅር አይደለም።

ሕጉስ ጠባቂ አያሻውም?

ያሻዋል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት የመያዝና ሐሳቡን በነጻነት የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ነጻነት በሐሳቡ ይዘትና ሊያስከትል በሚችለው የአስተሳሰብ ውጤት ምክንያት እንዳይገደብ ካዘዘ በኋላ፣ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰዎችን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር በሕግ እንደሚከለከሉ ያስቀምጣል። ስለዚህ ጥያቄው ነጻነት ወይስ ሕግ የሚል አይደለም፤ ገደቡ የቱ ላይ ይቆም፣ ማንስ ይለካው የሚል ነው።

አዋጁ ገና ረቂቅ ሳለ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሀገራችንን የጎበኙት የተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነጻነት ልዩ ዘጋቢ ዴቪድ ኬይ፣ ከጸደቀ በኋላም የሰብአዊ መብት ተቋማት፣ ትርጓሜው ሰፊና ለአላግባብ አጠቃቀም የተጋለጠ መሆኑን አሳስበዋል። ሥጋታቸው መሠረት አለው። አዋጁ የጥላቻ ንግግርን ሲተረጉም አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ እንዲመዘን አልጠየቀም። ስለ ሐሰተኛ መረጃም ሐሰት መሆኑን ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ሊያውቅ ይገባው የነበረውንም ተጠያቂ ያደርጋል። ሐሰተኛ የጥቃት ዜና ደርሷት፣ እውነት መስሏት፣ በድንጋጤ ለማኅበርተኞቿ ያጋራች እናት «ልታውቂ ይገባሽ ነበር» ብትባል መልሷ ምን ይሆናል? አዋጁ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ተገቢ ጥረት ያደረገን ሰው ከተጠያቂነት ነጻ ያደርጋል፤ ይህን የሚያውቅ ምእመን ግን ስንት ነው? ከዚህ ቀደምም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ለሌላ ዓላማ ወጥቶ ጋዜጠኞችና የኢንተርኔት ጸሐፊዎች የተከሰሱበት፣ በኋላም በሌላ አዋጅ የተተካ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የመከታተሉ ሥራ ራሱም ቀላል አይደለም። ቃላትን እየቆጠረ የሚከታተል መሣሪያም ሆነ ሠራተኛ የአማርኛን ሰምና ወርቅ እንዴት ይለያል? ቅኔ ቤት የዋላችሁ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ሰሙ ምርቃት የሚመስል ቃል ወርቁ እርግማን ሊሆን ይችላል፤ ሰሙ ቍጣ የሆነ ቃልም ወርቁ የሙሾ እንባ ሊሆን ይችላል። ሰሙን ብቻ የሚያይ ተቆጣጣሪ ኀዘንተኛውን አሥሮ አነሣሹን ያሳልፋል።

በአደባባይ የተለጠፈን ጽሑፍ መመልከትና የሰውን የግል መልእክት ማዳመጥም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ያዝዛል። ይህ ለካህናት የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በቤይሩት፣ በዱባይና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን የንስሐ አባቶቻቸውን ምክር የሚያገኙት በስልክ ነው። የዚያ መስመር ምስጢርነት ሲጠበቅ የነፍስም ምስጢር ይጠበቃል። የአደባባዩን ጽሑፍ መከታተል ወደ ግል ጆሮ እንዳይሻገር የመጠየቅ ድርሻ አለን።

ሌላም ትምህርት በ2015 ዓ.ም. አግኝተናል። በጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በተፈጸመው ሢመት ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን በከባድ ፈተና ውስጥ ሳለች፣ የምእመናንም ሕይወት ባለፈባቸው በእነዚያ ሳምንታት፣ ከየካቲት 2 ቀን ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በሀገሪቱ ተገደቡ፤ ገደቡም ከአምስት ወራት በላይ ቆየ። በእነዚያ ገጾች ላይ ስድብና ጥላቻ እንደ ነበረ አንክድም፤ ከእኛው ወገን የተነገረም ነበረበት። ግን በዚያው መስመር የአባቶች መግለጫ፣ የሰላም ጥሪና የዕለት ተዕለት መልእክት ይተላለፍ ነበር። ሁሉን አንድ ላይ መዝጋት ስንዴውን ከእንክርዳዱ አይለይም። ክፋቱም በልብ ወለድ ወሬ ከጓዳ ወደ ጓዳ ይተላለፋል፤ የሚያርመው የአደባባይ ቃል ግን ዝም ብሏል።

የአንጾኪያው ምሳሌ

በሁለቱ መካከል እንዴት እንቆማለን? ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ዛሬ አልጀመረችውም። እ.ኤ.አ. በ387 በአንጾኪያ ከተማ አዲስ ግብር በመጣሉ ሕዝቡ ተቆጣ። በጩኸትና በስድብ የተጀመረው ቍጣ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ወደ መጣል ደረሰ። ቅጣቱ ፈጥኖ መጣ፤ ብዙዎች ታሠሩ፤ የተገደሉም ነበሩ፤ የከተማይቱ መታጠቢያዎችና መዝናኛዎች ለጥፋተኛውም ለንጹሑም በአንድነት ተዘጉ።

በዚያ ጊዜ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በከተማይቱ ካህን ነበረ። ጾም ነበረና በየዕለቱ ሕዝቡን እየሰበሰበ አስተማረ፤ ከእነዚያ ስብከቶች 21 ያህሉ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። የሚያስደንቀው ምን እንዳስተማረ ነው። ሕዝቡን አጽናና፤ ግን አላባበላቸውም። በመካከላችሁ የሚሳደቡትን ቀድማችሁ ብትገሥጹ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር የሚል መንፈስ ያለው ተግሣጽ ሰጣቸው፤ ከመሐላና ከክፉ ቃል አንደበታቸውን እንዲያነጹም አዘዛቸው። በሌላ በኩል ሊቀ ጳጳሱ ፍላብያኖስ በሽምግልናቸው፣ በጾም ወራት፣ ረጅሙን መንገድ ወደ ቍስጥንጥንያ ተጉዘው በንጉሡ ፊት ስለ ሕዝቡ ማለዱ። ከተራራ የወረዱ መነኮሳትም በዳኞቹ ፊት ቆመው ስለ እስረኞቹ ለመኑ። ንጉሡ ከተማይቱን ማረ።

አንዲት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ወቅት ሁለት ሥራ ሠራች። ወደ ሕዝቡ ዞራ «አንደበታችሁን ግቱ» አለች፤ ወደ ንጉሡ ዞራ «እጅህን ግታ» አለች። የመጀመሪያውን ባታደርግ ሁለተኛው ባልተሰማላት ነበር። ያው ቅዱስ ኋላ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የቤተ መንግሥትን ቅንጦት በመገሠጹ ጠላት አፍርቶ፣ ተሰዶ፣ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት ዐረፈ። ያልተገራ አንደበት የሚያመጣውን ጥፋትም፣ የተገራ አንደበት የሚከፍለውን ዋጋም በሕይወቱ ያየ አባት ነው።

አደራውን በምን እንመዝነው?

ወደ አንቀጽ 6 እንመለስ። «የሃይማኖት ትምህርት» የሚለው ቃል በዐውደ ምሕረት ላይ የተነገረን ሁሉ ይሸፍናልን? እንደ እኛ መረዳት አይሸፍንም። የሌላውን እምነት ትምህርት ከራሳችን ትምህርት ጋር አነጻጽሮ ስሕተት ነው ማለት የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ሌሎችም ስለ እኛ እንዲህ የማለት ተመሳሳይ ነጻነት አላቸው። የዚያን እምነት ተከታይ ጎረቤት ከሰው በታች አድርጎ መሣል፣ ከእርሱ አትግዙ፣ ቤታችሁን አታከራዩት፣ ከሀገር ይውጣ ማለት ግን በቀሚስና በመስቀል ቢነገርም ትምህርት አይሆንም። ሥፍራው ዐውደ ምሕረት ተብሎ የተጠራው ምሕረት ሊነገርበት ነው።

ለመመዘን የሚረዳ አንድ መሣሪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮ ራባት ባጸደቁት የድርጊት መርሐ ግብር አንድ ንግግር በወንጀል ሊያስጠይቅ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ የሚለኩ ስድስት መመዘኛዎችን አስቀምጠዋል። እነርሱም ዐውዱ፣ ተናጋሪው፣ የተናጋሪው ሐሳብ፣ የንግግሩ ይዘትና ቅርጽ፣ የሥርጭቱ ስፋት፣ አደጋ የማስከተል ዕድሉና ቅርብነቱ ናቸው።

አንድ ምሳሌ እናስብ። አንድ ሰባኪ በጥቃት ቤተሰባቸውን ላጡ ምእመናን ለአንድ ሰዓት ይሰብካል። ስለ ሰማዕታት ጽናት ያስተምራል፤ በመካከሉ በኀዘን ተነሣሥቶ ስለ አጥቂዎቹ 30 ሰከንድ የሚሆን ብርቱ ቃል ይናገራል፤ በመጨረሻም በቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ማንም እጁን አያንሣ ብሎ ይደመድማል። አንድ ወጣት 30 ሰከንዱን ብቻ ቆርጦ፣ የጦር ሜዳ ዜማ አክሎ በቲክቶክ ይለቀዋል። ስብከቱ በስድስቱ ሲመዘን ዐውዱ ማጽናናት፣ ሐሳቡም ሰላም ነው። ተቆርጦ የተለቀቀው ቪዲዮ ግን ሌላ ዐውድ፣ ሌላ ተናጋሪ፣ ሌላ ሐሳብ አለው፤ የሚሰሙትም 200 ኀዘንተኞች መሆናቸው ቀርቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ እንግዶች ናቸው። በዚህ ነገር ሰባኪውን ማሠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰባኪውም ቢሆን የስልክ ዐይን በተከፈተበት ዘመን እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገሩ ለብቻው ተነጥሎ ሊሄድ እንደሚችል እያሰበ መናገር አለበት። ካህን ሲናገር ሕዝብ ይታዘዛልና በሁለተኛው መመዘኛ የካህን ቃል ከሌላው ሰው ቃል ይከብዳል።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ በአጥቢያው ስም የተከፈቱ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች በሰበካ ጉባኤው ይታወቁ። የማን ኃላፊነት እንደ ሆኑ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ማንኛውም ጽሑፍ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ሰዎች ይዩት። የማይታወቅ ሰው በደብሩ ስም የሚጽፍበት ገጽ ካለ ለሀገረ ስብከት በጽሑፍ ይገለጽ።

ሁለተኛ፤ ፈቃድ የሌለው ሰባኪ በዐውደ ምሕረት አይቁም። የስብከተ ወንጌል ክፍሉ የእያንዳንዱን ስብከት ሙሉ ቅጂ ከነቀኑ ያስቀምጥ። ቃል ተቆርጦ በተሠራጨ ጊዜ ሙሉው ቅጂ ለሰባኪውም ለፍርድ ቤቱም የእውነት ምስክር ነው።

ሦስተኛ፤ በሌላ አጥቢያ ጥቃት ደረሰ የሚል ዜና ሲመጣ ከማጋራታችን በፊት የዚያን አጥቢያ አስተዳዳሪ ወይም ወረዳ ቤተ ክህነቱን በስልክ እንጠይቅ። የሌላ ዘመንና የሌላ ሀገር ፎቶግራፍ የዛሬ ተደርጎ ይመጣል። ተሳስተን ከለጠፍን በተለጠፈበት ሥፍራ፣ በዚያው ጉልህነት እናርመው። ስሕተትን ማረም እንደ ውርደት አይቈጠር።

አራተኛ፤ ከምእመናን መካከል በስልኩ ጥላቻን የሚጽፍ ቢገኝ መጀመሪያ ለብቻው በንስሐ አባቱ ይመከር፤ ባይሰማ በሽማግሌዎች ፊት ይመከር። ብዙው ነገር በዚህ ያልቃል። የሰውን ደም ለማፍሰስ በግልጽ የሚቀሰቅስ ግን የምክር ጊዜ እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ ለሕግ ማሳወቅ ግዴታችን ነው።

አምስተኛ፤ ጥላቻው በእኛ ላይ ሲነገር አንመልሰው፤ «እዩልን» ብለንም አናሠራጨው፤ ስናሠራጨው የጠላትን ሥራ እናግዛለንና። ይልቁንም የገጹን ፎቶ፣ አድራሻውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበን ለኩባንያው እናመልክት፤ ለሚመለከተው አካልም በጽሑፍ እናቅርብ። የመስጊዱ ሰብሳቢና የሌሎች አብያተ እምነት ኃላፊዎች ስልክ በሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር እጅ ይኑር፤ የእርሱም ስልክ በእነርሱ እጅ። ወሬ በመጣ ሌሊት አንድ የስልክ ጥሪ የአንድ መንደር ሰላም ሊያድር ያደርጋል።

ስድስተኛ፤ ከወጣቶቻችን አንዱ በጻፈው ነገር ቢታሠር ጥፋተኛም ጀግናም ለማለት አንቸኩል። የትኛው ቃል፣ በየትኛው አንቀጽ ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ሕገ መንግሥቱ የታሠረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ይህ መፈጸሙን እንከታተል፤ ጠበቃ እንዲያገኝ እንርዳ፤ ቤተሰቡን እንጎብኝ። ካልተፈጸመ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እናመልክት። ይህን የምናደርገው ለእኛ ልጅ ብቻ አይሁን። የጎረቤታችን የሌላ እምነት ልጅ በተመሳሳይ ሁኔታ ቢታሠር ያው ጥያቄ ከእኛ አንደበት ይውጣ። ለራስ ወገን ብቻ የሚጠየቅ ነጻነት አድልዎ ነው።

ክቡራን አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከመንግሥት የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ገደቡ ጠባብ ይሁን፤ መከታተሉ በአደባባይ ቃል ላይ ይቁም፤ የሚለካው በዐውዱና በሚያስከትለው አደጋ ይሁን፤ የሚፈርደውም ነጻ ፍርድ ቤት ይሁን፤ ባለሥልጣንን የተቸና ሰውን ለመግደል የቀሰቀሰ በአንድ ሚዛን አይቀመጡ። ከራሳችን የምንጠይቀውም እንዲሁ ግልጽ ነው። የትኛውም ተቆጣጣሪ ሳያየን፣ የትኛውም አንቀጽ ሳያስፈራን፣ እግዚአብሔር በሚሰማው ጆሮ ፊት እንናገር። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምላስን በጫካ ላይ እንደሚነሣ ትንሽ እሳት አድርጎ ያስተማረን ለዚህ ነው።

ወደ አጥቢያችሁ ስትመለሱ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ይህን አንድ አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልን። ገጾቻችንን ማን ይጠብቃል? ስብከቶቻችንን ማን ያስቀምጣል? በክፉ ሌሊት ለማን እንደውላለን? የእነዚህ የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በቃለ ጉባኤ የሰፈረበት አጥቢያ ለክፉ ቀን ስንቅ ይዟል።

አምላከ ሰላም የአንደበታችንን በር ይጠብቅልን፤ ሀገራችንንም በሰላም ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።